ሳያዩ መርገጥ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ሥልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንሶላ እስከ አገጯ ቆልላ የምድር ቤቱን ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ እግሯን አይታ አታውቅም፤ ማየትም አላስፈለጋትም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ደረጃው አልቋል ብላ የረገጠችው አየር ሆነ። የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። አንጓው ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የገዛ ቤቷን ደፍ እንኳ ግድግዳ ይዛ መሻገር ጀመረች።

ምራቷ አይታ ዝም አላለችም።

"እማማ፣ ጤና ጣቢያው አዳራሽ ለትልልቅ እናቶች ታይ ቺ ያሠራሉ አሉ። የቻይኖች የትግል ስፖርት ነው፤ ግን ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው።"

"በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልደበድብ?"

"ከእኔ ሌላ ማን አለ?" ብላ ምራቷ ሳቀች።

ሄደች። አሰልጣኟ ወንበር ላይ አስቀምጣ ዓይኗን አስጨፈነቻት። ቀኝ እግሯን ትንሽ ከፍ አድርጋ ያዘችና መልሳ አወረደችው።

"እናቴ፣ አሁን እርስዎ እዚያው ቦታ ያድርሱት።"

አደረሰችው፤ እርግጠኛ ነበረች። ዓይኗን ስትገልጥ እግሯ አሰልጣኟ እጇን ካቆየችበት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። መውደቋ እንኳ እንዲህ አላስፈራትም።

"ጤነኛ አይደለሁም ማለት ነው?"

"ዕድሜ ሲገፋ መገጣጠሚያችን ያለበትን ቦታ ሳናይ የምናውቅበት ስሜት ይደክማል። ሲያሠሩት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።"

በሳምንት ሦስት ቀን መመላለስ ያዘች። አንድ እግር ባነሳች ቁጥር ልቧ ድው ድው ይላል፤ የወንበሩን መደገፊያ አትለቅም።

"ልብዎን ከወንበሩ ያንሱና ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ያድርጉት" ትላታለች አሰልጣኟ።

በአራተኛው ወር ዓይኗን ጨፍና ስትሞክረው ስንዝሩ ሁለት ጣት ሆነ። ፍርሃቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንሶላ ቆልላ ስትሄድ የሳሙና ውሃ የፈሰሰበት ወለል ላይ ግራ እግሯ አዳለጣት። ገና ሳታስብ ጉልበቷ ሸብረክ አለ፤ ቀኝ እግሯ ወደ ጎን ወጥቶ መሬቱን ያዘ። አንሶላው ተበተነ፣ እሷ ቆማ ቀረች። ከዚያ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ልብስ ተኳሿ ባልደረባዋ ሮጣ መጣች።

"ምነው፣ ወደቅሽ እንዴ?"

"አልወደቅኩም" አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። "ፈርቼ ነው። ትንሽ አብረሽኝ ተቀመጪ።"

ተኳሿ እርጥቡ ወለል ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ፍርሃቱ ለቀቃት ማለት ውሸት ነው። ግን በማግስቱ አንሶላውን ግማሽ ግማሽ አድርጋ፣ በአንድ እጇ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ ወረደች።