የእየሩስ ጥያቄና የአያቷ ቆብ

ቄስ ወልደ ገብርኤል ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጠች በሞቱ ጊዜ አላለቀሱም። አስከሬኑ ከጎንደር በሚኒባስ ተጭኖ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪገባ ድረስ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው በመስኮት የገብሱን ማሳ ሲያዩ መጡ። ገብሱ ደርሷል፤ አንዳንዱም ታጭዷል። ከዚያ ሌላ ያሰቡት ነገር ትዝ አይላቸውም። ሚሌኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነበር።

ልጃቸው አበባየሁ ፊቷን ስትነጭ እሳቸው ከካህናቱ ጋር ስለ ፍትሐቱ ይነጋገሩ ነበር። ሰው ሁሉ፣ "ቄስ እንዴት ያሉ ብርቱ ናቸው!" አለ። እሳቸው ግን ብርታት እንዳልሆነ ያውቁታል። የተኙበት ክንድ እንደሚደነዝዝ ሁለመናቸው ደንዝዞ ነበር።

አበባየሁ እየሩስ የምትባል ሕፃን ልጅ አለቻት። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ "ምን ይደረግ፣ እግዚአብሔር የወደደውን ይወስዳል" ሲሉ ልጅቷ ሰማች።

"ለምን ይወስዳል? እሱ ሚስት የለውም እንዴ?" አለች ጮክ ብላ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። እናቷ ቆነጠጠቻት። ቄሱ እንዳልሰሙ ሆነው ከካህናቱ ጋር ማውራታቸውን ቀጠሉ።

ጥያቄዋ ከዚያም በኋላ አላባራም። በቅዳሴ ሰዓት ዲያቆኑ፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ ሲል፣ "እኛ እኮ ቆመናል፤ አያየንም?" ትላለች። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አይታ ለፈረሱ ገብስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ትጠይቃለች። ቀድሞ ቢሆን ቄሱ ይህን ሁሉ ለበለጠች ያወሩላትና ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። አሁን ጥያቄው ጆሯቸው ድረስ መጥቶ እዚያው ይቀራል።

ካህን ሚስቱ ከሞተች ሌላ አያገባም። ወዳጅ ዘመድ የምንኩስናን ነገር ሲያነሣባቸው፣ ማጭድ አውሱን የተባሉ ይመስል፣ "እሺ" አሉ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከገዳም መጡ። ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ አጋድመው በነጭ ጨርቅ ሸፈኗቸውና ለሙት የሚደገመው ፍትሐት ተደገመላቸው። መነኩሴ ለዚህ ዓለም ሞቷል ይባላልና። በለጠች ላይ የተነበበውን ቃል ከጨርቁ ሥር ሆነው ለራሳቸው ሲነበብ ሰሙ። ያስለቅሰኛል ብለው ጠብቀው ነበር። የተሰማቸው የወለሉ ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ቆብ ደፍተው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ አባ ተብለው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለች ጎጆ መኖር ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አበባየሁ ምግብ ይዛላቸው መጣች። ውሃ ልትቀዳላቸው ስትወጣ እየሩስን ትታት ሄደች። ልጅቷ ግን ከበሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

"ግቢ እንጂ ልጄ።"

"ሞተዋል እንዴ?"

"ማን አለሽ?"

"በጨርቅ ሲሸፍኑዎ አይቻለሁ። እማዬም ለዓለም ሞቱ አለችኝ።"

"አዎ፣ ለዓለም ሞቻለሁ።"

"ለየትኛዋ ዓለም? ለጎረቤታችን? እሷ ምን አደረገችዎ?"

ልጅቷ አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባች።

"እምዬ በለጠችንስ አገኟት?"

"አላገኘኋትም።"

እየሩስ ሁለተኛ እግሯንም አስገባችና፣ "እንግዲያው በደንብ አልሞቱም" አለች።

ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ይሁን ሳል ለራሳቸውም አልለየላቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

"ልክ ነሽ" አሉ። "በደንብ አልሞትሁም።"

አበባየሁ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ፣ አባቷ ስለ እናቷ ሲያወሩ ሰማችና በሩ አጠገብ ቆመች። እናቷ ከተቀበሩ ወዲህ አባቷ ስማቸውን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። በለጠች በሠርጓ ዕለት በቅሎዋን ፈርታ፣ አልቀመጥም ብላ፣ ሚዜው እየለመናት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መምጣቷን ነበር የሚያወሩት። ፊታቸው ደረቅ ነው፤ ድምፃቸው ግን ይቆራረጣል። መሀል ላይ ሲደርሱ፣ "የቀረውን ረሳሁት" አሉ።

"ሰው የሠርጉን ይረሳል?" አለች እየሩስ። ሙሉውን ካልነገሩኝ አልሄድም ብላም መደቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።