ጀርባው ያልታየው ወረቀት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። ከሥራ ስመለስ፣ ከእኛ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብለው በሚኖሩት እማማ ደጃፍ አንድ ሰው ተንበርክኮ አየሁ። የውሃ ቆጣሪውን ጉድጓድ ክዳን አንስቶ፣ ጆሮውን ወደ ቧንቧው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። እማማ ሐኪም ፊት እንደ ቀረበ ሰው በሩን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ክፍት ቧንቧ አለ?» አላቸው።

«ኧረ የለም ልጄ፣ ሁሉንም ዘግቻለሁ።»

«እንግዲያው ውሃዎን መሬቱ እየጠጣው ነው።»

ተነሥቶ ወደ ቤት ገባና ያገኘውን ባልዲና ድስት ሁሉ ውሃ ሞላላቸው። ጠጋኝ እስኪመጣ እንዳይቸገሩ ብሎ ነው። ከዚያ ተመልሶ ዋናውን መዝጊያ አጠበቀ። ክዳኑን ገጠመና ጠርዙ የሰው እግር እንዳይመታ በተረከዙ ሁለት ጊዜ ረገጠው። እማማ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ያዛቸው። ምርቃቱ ይበቃኛል አለ። እሳቸውም መረቁት፤ አንገቱን ደፍቶ እስኪጨርሱ ጠበቀ።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። በሰፈራችን «ባለ ውሃው» ነው የሚባለው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ በራችንን አንኳኩቶ ቆጣሪያችንን አንብቧል። ከአምስት ወር ወዲህ ግን የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቆጣሪ አንባቢዎቹን አሰናብቷል። አሁን እኛው የቆጣሪያችንን ፎቶ አንስተን በስልክ እንልካለን። ስለዚህ ሥራ ተመለስክ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አይ ወንድሜ» አለ እጁን በሱሪው እየጠረገ፤ «በመንገድ ሳልፍ ድምፁን ሰማሁት። ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን አልሆነልኝም።»

እጁን እንዲታጠብ ወደ ቤት አስገባሁት። ታጥቦም ለመሄድ አልቸኮለም። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የምጽፈው ያን ዕለት የነገረኝን ነው።

ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ በሃያ ሁለት ዓመቱ ለቧንቧ መቅበሪያ ቦይ ይቆፍር ነበር። ጽሕፈቱ ጥሩ ስለሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ንባብ አዛወሩት። ንባብ የሚሉት ቆጣሪ ማንበብን ነው። ስድስት መቶ አርባ ቆጣሪ ነበረው፤ ሁሉንም እንደ ልጆቹ ለይቶ ያውቃቸዋል። የአንዱ መስታወት ጭጋግ ይይዛል፣ የአንዱ ክዳን ሥር ተርብ ይሰፍራል፣ አንዱ በክረምት ውሃ ሞልቶበት በጣሳ እየተቀዳ ነው የሚነበበው።

አንባቢዎቹ ስምንት ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱ ደብተር አለው። በደብተሩ ቅጠል ፊት ለፊት ቁጥሩ ይጻፋል፤ ቅጠሉ ሲገለበጥ በጀርባው ስለ ቤቱ የታየው ነገር ይሰፍራል። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተሰበረ ክዳን፣ የታመመ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ነው። አንዱ በአንዱ ሰፈር ተተክቶ ሲሠራ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ባለ ውሃው በአንድ ቤት ጀርባ ላይ «ውሻ አለ፤ ባለቤትየዋ ግን ትብሳለች» ብሎ ጽፎ፣ ጓደኞቹ ዓመት ሙሉ ሲሥቁበት ኖሩ። ከሁሉም ረጅም የሚጽፈው እሱ ስለነበር «ጸሐፊው» ይሉት ነበር።

ከስምንቱ የልቡ ወዳጅ «ዝሆኔ» የሚባለው ነው። ባለ ውሃው ሲያገባ ሚዜው ነበር። ግዙፍ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ሦስት ሰው ነው ጎትቶ ያወጣው። «እኔ ቆጣሪ አላነብም፣ ቆጣሪው ነው እኔን የሚያነበኝ» እያለ ራሱ ያሥቃቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ሁለቱም ጉልበቶቹ ከዱት። ጥልቅ ጥልቅ ጉድጓድ ያላቸውን ቤቶች ባለ ውሃው በዝምታ ወደ ራሱ ደብተር ወሰደለት።

አንድ ቀን አዲሱ የክፍል ኃላፊ አስጠራው። መሥሪያ ቤቱ ለአንባቢዎቹ ስልክ ሊገዛ አስቧል፤ ለናሙና አንድ መጥቷል፤ አንድ ወር ሠርተውበት አስተያየትዎን ይጻፉልን አለው። ባለ ውሃው ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ «ምን ይመስልዎታል?» ያለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ከኮቱ ውስጥ በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታው። ስልኩ ነው። ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ ከበድ የሚል። ጎኑን በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው «ቀጭ» ብሎ ከሥሩ ኪቦርድ ወጣ። እንደ መሳቢያ ነው የሚንሸራተተው።

ሌላው ስልክ እርጥብ ጣት አይሰማም፤ የእነሱ ጣት ደግሞ ደርቆ አያውቅም። የዚህ ቁልፎች ግን ጭቃ ባለው ጣት እንኳ ይታዘዛሉ። አምስት ቁጥር ላይ በመርፌ ጫር አድርጎ ምልክት ስላበጀ፣ ሳያይ በዳሰሳ ይጽፍበታል። ክፉ ጎኑንም አልደበቀም። መንሸራተቻው ውስጥ አሸዋ ከገባ ይንኮሻኮሻል፤ በየማታው በጥርስ ብሩሽ ይጠርገዋል። አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆበት መስታወቱ ተረፈ፣ ኪቦርዱ ግን ከዚያ ወዲህ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ፍላሹ ባትሪ ስለሚበላም ከሰዓት በኋላ ይደክማል።

«ካሜራውስ?» አልኩት።

ለካሜራው ቃል አጣለት። ቆሞ፣ እጁን ብቻ ወደ ጉድጓዱ ዘርግቶ ያነሣል። በቆሸሸ መስታወት ሥር፣ እሱ በማጉያ መነጽር ታግሎ የሚያየው ቁጥር ተለቅሞ ይወጣል። ስልኩን ትንሽ ዘንበል ካደረጉት ፍላሹም አያንጸባርቅም። «ዓይኔ ማርጀቱን ያረዳኝ ይህ ስልክ ነው» አለኝ።

ወሩ ሲያልቅ የአስተያየት ቅጽ ሰጡት። አንድ ወረቀት ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ አሥር ጥያቄ አለ። ሁለት ቀን አስቦበት ጻፈው። ሰባተኛው ጥያቄ «ለመጠቀም ምን ያህል ልምድ ይጠይቃል?» ይላል። እሱም «ምንም። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ሳይጎነበስ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ቁጥሩን ቁልጭ አድርጎ ማንሣት ይችላል» ብሎ መለሰ። ይህን ሲጽፍ በዓይኑ ላይ የነበረው ዝሆኔ ነው። ስልኩ ከተገዛ ዝሆኔ ከእንግዲህ አይንበረከክም፤ ጡረታው እስኪደርስ ቆሞ ይሠራል። ደስታው ይህ ነበር።

ከዚያ እንደ ልማዱ ወረቀቱን ገልብጦ ዋናውን ነገር በጀርባው ጻፈ። አሁንም ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ አነበነበልኝ።

«ፎቶው ቁጥሩን ያሳያል። በቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ ኮከብ ግን ትዙር ትቁም አያሳይም። በቤቱ ያለ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ኮከቧ ከዞረች፣ ውሃ ከመሬት በታች እየፈሰሰ የሰው ግድግዳ እየበላ ነው። ስልኩ ቪዲዮ ስለሚቀርጽ እስከ አሥር ቆጥሮ መቅረጽ ይቻላል። ነገር ግን በር አንኳኩቶ ‹ቧንቧ ዝጉ› የሚል ሰው ይፈልጋል። ስልኩ ጥሩ ነው፤ ከአንባቢ እጅ አይውጣ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስምንቱንም ስብሰባ ጠሯቸው። ኃላፊው የባለ ውሃውን ወረቀት በዚያው ስልክ ፎቶ አንስቶት ኖሮ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳያቸው። የካሜራውን ጥራት ተመልከቱ አለ። እውነትም የእስክሪብቶው ቀለም የፈሰሰበት ነጥብ እንኳ ሳይቀር ይታያል። ባለ ውሃው ጽሕፈቱን ያን ያህል ገዝፎ አይቶት አያውቅም። ለአፍታ ኩራት ተሰምቶት እንደነበር አልደበቀኝም።

ኃላፊው ሰባተኛውን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበው። ዓይን ያለው ሁሉ ማንሣት ከቻለ፣ ደንበኛው ራሱ ማንሣት ይችላል ማለት ነው አለ። «ይህን የጻፈው ከእናንተው አንዱ ነው፤ እኛ አይደለንም።»

የዝሆኔ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ዝሆኔ ዞሮ አየው። ባለ ውሃው ተነሥቶ «ጀርባ አለው» አለ። ኃላፊው በትሕትና «ጥያቄ በመጨረሻ እንቀበላለን» አለው። በመጨረሻ ግን የተነበበው ውሳኔው ነው። አንባቢዎቹ ወይ ወደ ቁፋሮ ይዛወራሉ፣ ወይ ይሰናበታሉ።

ሰው ከወጣ በኋላ ኃላፊውን ተከትሎ ቢሮው ገባ። ወረቀቱ የት ነው ቢለው፣ ፎቶ የተነሣ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ተወግዷል አለው። ጀርባው ላይ ዋናው ነገር ነበረ ሲለው ሰውየው ከልቡ ተገረመ። «ታዲያ ‹ይገለበጥ› ብለው ለምን አልጻፉበትም?»

«እውነቱን ነው፤ አልጻፍኩም» አለኝ ባለ ውሃው። «እኛ ዘንድ ግን ገልብጥ የሚባል ሰው የለም። ያልገለበጠ አላነበበም።»

ያንኑ ቃል እንደገና ጽፎ አስገባ። ማኅተም መትተው ተቀበሉት፤ ከዚያ ወዲያ ያነበበው ይኑር አይኑር አያውቅም።

ከግቢው በር ላይ ዝሆኔ ቆሞ ጠበቀው። ባለ ውሃው ስለ ጀርባው ሊያስረዳው ጀመረ። ዝሆኔ አላስጨረሰውም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«በገዛ ጽሕፈትህ አየሁት እኮ» አለው። «በጉልበቴ አሳበህ እግሬን ቆረጥከኝ።»

በዚያ ጉልበት ቁፋሮ አይታሰብም፤ ዝሆኔ ተሰናበተ። ባለ ውሃውም ከእሱ ተለይቶ መቅረት ስለከበደው ተሰናበተ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ላደረገው አስተዋጽኦ ብሎ ናሙናውን ስልክ በሰው ሁሉ ፊት ሸለመው። አጨበጨቡ። ዝሆኔ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ የቀሩት ስድስቱም ሲያገኙት ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። ዝሆኔ ዘንድ አራት ጊዜ ሄዶ አንኳኩቷል። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «የለም» ትለዋለች፤ የዝሆኔ ሳል ከውስጥ እየተሰማ።

እኔ ሁሉም በጊዜው ይቃናል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። በየማለዳው ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን ስታጠብ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ያ ውሃ እስኪደርሰኝ ማን ተንበርክኮ ጆሮውን እንደሚሰጥ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ይቃናል ልለው አፌን ከፈትኩና እጁን አየሁት። በአውራ ጣቱ ኪቦርዱን ያወጣል፣ ያስገባል፣ ያወጣል።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው» አለኝ።

«ኧረ ምን ችግር አለው።»

የዝሆኔ ቤት ከዳቦ ቤቱ በስተኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ቆጣሪው ያለው ከግቢው ውጭ፣ በጓሮ በኩል ነው። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ አንባቢ የገዛ ቤቱን ቆጣሪ አያነብም፤ የዝሆኔን የሚያነበው ባለ ውሃው ነበር። አሁን ሴት ልጁ በየወሩ ፎቶ አንስታ ትልካለች። ዝሆኔ ከተሰናበተ ወዲህ ቆጣሪ የሚባል ነገር ማየት አይፈልግም፤ ቢፈልግም አይንበረከክም።

«ሁለት ጊዜ በዚያ አልፌ ሁለቴም ሰማሁት» አለኝ። «ግድግዳው እስከዚህ ድረስ ረጥቧል።» የራሱን ጉልበት በእጁ ጠርዝ መታ። «ቀለሙ መላላጥ ጀምሯል። የሚቀጥለውን ዝናብ አይችልም።»

ሄጄ እንዳንኳኳ ለመነኝ። መንገደኛ ነኝ፣ ግድግዳችሁ ረጥቦ አየሁ ልበል፤ የቀረውን ዝሆኔ ራሱ ያውቃል። «እንዳይንበረከክ ብቻ። አንተ ተንበርከክለት። ቁጥሩን ተወው፤ ኮከቧን እይና ትዞራለች ወይም ቆማለች በለው። መዝጊያው በግራ በኩል ነው፤ ይጠብቃል፣ በጨርቅ ይዘህ አዙረው።»

«ስለ ወረቀቱ ጀርባስ ልንገረው?»

ስልኩን ገጠመው፤ «ቀጭ» አለ። መሐረቡን አራት ጊዜ አጥፎ ጠቀለለበት።

«አትንገረው። ስሜን ከሰማ በሩን ይዘጋዋል። ግድግዳው ይደርቅለት እንጂ እኔስ ለምጄዋለሁ። እሱ ነው የላከኝ እንዳትል፣ አደራ።»