ለየሺ ኩሬ የሰጠሁት መድኃኒት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴም፣ ጾም በገባ ቁጥር ተንበርክኬ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር፣ ይህችን አንዷን እየዘለልሁ አልፌያታለሁ። ቢሰሙ ስግደት አዝዘው ይፈቱኛል፤ እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እሱን ነው ያልፈለግሁት። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው እንጂ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሊያዝንልኝ የተዘጋጀ ካለ ከአሁኑ ይተወው፤ እንዲህ ያለ ሰው አልወድም።

ፈንቴ እባላለሁ። ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ሰሊጥና ማሽላ እያረስሁ ነው ያረጀሁት። አባቴ ከደጋ ወርዶ ጫካ መንጥሮ ይህን ቆላ ካቀኑት ሰዎች አንዱ ነው፤ በዚያ ነገር ልቤ ያበጠ መሆኑን አልክድም። ከእኛ በኋላ የመጣ ሁሉ እስከ ዛሬ እንግዳ ነው የሚመስለኝ። የሺ ደግሞ ከሁሉም በኋላ የመጣች ናት።

ከወሎ የመጣችው ሳሉግ ሆና ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። በእኔው ማሳ ላይ ሁለት ክረምት አርማለች። ጎበዝ ነበረች፤ ይህን ስናገር አሁንም አፌን ይመረኛል። በሦስተኛው ዓመት አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ቀበሌው ከእኔ አጥር ጀርባ የነበረውን ማንም ያልፈለገውን ቁራሽ ቦታ ሰጣት። ባል አልነበራትም። ሴት ልጇን ወሎ እናቷ ዘንድ ትታ ነው የወረደችው። «ጓሮዬ ለሁለት ሰው የበቃ ዕለት፣ በመስከረም ሄጄ አመጣታለሁ» ትል ነበር፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም። ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ።

ያን ጊዜ የግብርና ባለሙያው በየጓሯችን ኩሬ አስቆፍሮን ነበር። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ ጥቁር ሸራ የተነጠፈበት፣ ዳር ዳሩ በድንጋይ የተያዘ። ሞዴል አርሶ አደር ተብዬ የምስክር ወረቀቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ የሚመጣው ወደ እኔ ግቢ ነበር። እኔም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ እጠብቅና ስለ ኩሬና ስለ ጓሮ አያያዝ አስረዳለሁ። አስረዳለሁ ልበል እንጂ ኩሬዬ ውሃ አይዝም ነበር። ሐምሌ ላይ ሞልቶ ነሐሴ ሳይወጣ ይጎድላል።

የሺ ሸራ አልነበራትም። የኩይሳ አፈር በጆንያ ተሸክማ አመጣች። ከጭድ ጋር አቡክታ፣ በእግሯ ረግጣ፣ ጉድጓዱን እንደ ቤት ግድግዳ መረገችው። ከላይ በማሽላ አገዳ ጥላ ሠራችለት። ከኩሬው ዳር ሣር አታስበቅልም፤ ጎርፍ ያመጣውን ደለል በየሳምንቱ በባልዲ ታወጣለች። ዋልካው ውሃ አቁሮ ሥር እንዳያበሰብስባት መደቡን ከፍ አድርጋ ቦይ አውጥታለታለች። ባሚያ ነበራት፣ ጅርጅርና ሙሉኪያ የሚባሉት የሱዳን ቅጠላ ቅጠሎች፣ ቲማቲም፣ ሁለት ፓፓያ፣ ጥቂት የማንጎ ችግኝ። እዚህ ቆላ ሐምሌ እኩሌታ ላይ ዝናቡ ድንገት ተቋርጦ አሥር ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን ጠብ የማይልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የሁላችን ጓሮ ሲጠወልግ የሷ ይለመልማል። የሱዳን ድንበር ላይ የሚያድሩት ሾፌሮች የሚበሉባቸው ምግብ ቤቶች ባሚያዋን ገና ሳይቀነጠስ ይሻሙበት ነበር።

አንድ ቀን ባለሙያው እንግዶች ይዞ መጣ። ስለ ኩሬዬ ሳስረዳ አንደኛው ውሃው ለምን እንደ ጎደለ ጠየቀኝ። ፀሐዩ ነው አልሁ። የሺ ከአጥሩ ማዶ አረም እየነቀለች ነበርና ቀና አለች።

«አያ ፈንቴ፣ ፀሐይ እኮ አይደለም! በሬዎቹ ሲጠጡ በኮቴያቸው ሸራውን በሳስተውት ነው» አለችኝ፣ ልትረዳኝ ፈልጋ።

እንግዶቹ ሳቁ። ባለሙያውም ሳቀ። ከዚያ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩ፤ ቀጥሎም አንድ በአንድ ወደሷ ግቢ ተሻገሩ። እኔ ሸሚዜን ለብሼ ብቻዬን ቀረሁ። ያቺ ሳሉግ! በእኔ ማሳ ላይ ጎንበስ ብላ ስታርም የነበረች! ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሁሉ የሷ ሆነ። የተናገረችው እውነት ነበር፤ በሬዎቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ውሸት ብትናገር ኖሮ ያን ያህል እጠላት ነበር? አይመስለኝም።

ጠላኋት። ቃሉን ላለዝበው አልፈልግም። ማለዳ የባልዲዋን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይሻክራል። ሰላምታዋን በአፍንጫዬ ነው የምመልሰው። እሷ አይገባትም ነበር። ባሚያዋ ሲደርስ የመጀመሪያውን ቀንጥሳ ለቤቴ ትልካለች፤ ሚስቴ ትሠራዋለች፤ እኔም እበላለሁ። እየበላሁ እጠላት ነበር። ይህን የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል? እናንተ ስም ካላችሁለት አውጡለት።

በተከታዩ ዓመት ሐምሌ ወባው በረታ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ዞራ የትንኝ እጭ የታየበት ኩሬ ሁሉ እንዲደፈን አስጠነቀቀች። ዝናቡ እንደ ልማዱ ከተቋረጠ ስምንተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ኩሬው ከተደፈነ የየሺ ጓሮ አለቀለት፤ ጓሮው ካለቀ ደግሞ ልጇ በመስከረም አትመጣም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ መርጫዬን አዝዬ ከማሽላው ስመለስ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አያ፣ በሞቴ፣ ለትንኙ የሚሆን መድኃኒት ካለዎ ጠብ ያርጉልኝ። ኩሬዬን ሊደፍኑብኝ ነው።»

መድኃኒት። እስቲ ይህን ቃል ተመልከቱት። ለወባ የሚዋጠውን ክኒን መድኃኒት እንለዋለን። ለከብት መዥገር የሚረጨውም መድኃኒት ነው። ሰሊጡ ላይ ለሚወርደው ትል የሚሆነውም፣ ማሽላ ውስጥ የበቀለውን አረም የሚያደርቀውም ስሙ ያው መድኃኒት ነው። ጀርባዬ ላይ የነበረው የማሽላው ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ተክል ሁሉ አጣምሞ ይገድላል፤ ማሽላን፣ በቆሎን፣ ሣር መሰሉን አይነካም። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስረጨው የኖርሁ ሰው ነኝ። በዚያ ቀበሌ የሚያደርገውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ቤት ገባሁ። ገና ውሃ ካልተቀላቀለበት፣ ከጀሪካኑ፣ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ እስከ ግማሽ ቀዳሁላት። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት።

«ይኸው መድኃኒት» አልኋት። «ጥቂት ይበቃል።»

ለምን ጥቂት አልሁ? ጥቂቱም እንደሚበቃ አውቅ ስለነበር ነው። ነገር ቢነሳ የምደበቅበትን እያበጀሁም ነበር። መድኃኒት አለችኝ፣ መድኃኒት ሰጠኋት፤ ታዲያ ምን ዋሸሁ? ይህን ስንት ዓመት ለራሴ ስደግመው ኖርሁ መሰላችሁ! የሰጠኋት የአረም ማጥፊያ ነው። አውቄ ነው የሰጠኋት። ከኩሬው ማንም አይጠጣም፤ ለመጠጥ ከቦኖ ነው የምንቀዳው። ይህንንም ያሰብሁት ፕላስቲኩን ይዛ ከሄደች በኋላ ነው። አስቀድሜ ባስበው ኖሮ እጄን እሰበስብ ነበር? ነበር ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን አልምልም።

በማግስቱ ማለዳ ውሃ ስታጠጣ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። «ተይ» ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። በባልዲው እየጠለቀች በየመደቡ ስታፈስስ፣ ችግኞቹን በእጇ እየደጋገፈች ሥራቸው ድረስ ስታጠጣቸው፣ ቆሜ አየሁ። ለማንጎዎቹ ጨምራ አጠጣቻቸው። ሳይመሽ ደግሞ እንደገና አጠጣች። ያን ጊዜም ቆሜ አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ባሚያው አንገቱን አጣመመ። የቲማቲሙ ቅጠል ተጨማዶ ተጠቀለለ። ሳምንት ሳይሞላ ፓፓያዎቹ ጎበጡ፤ ማንጎዎቹ ቅጠላቸውን አራገፉ። ቆሞ የቀረው ዳር ዳሩን የዘራችው በቆሎና ጥግ ላይ የበቀለ ጠጅ ሣር ነው። ማሽላ ሲረጭ የኖረ፣ አስተውሎ ያየ ሰው ይህን ምልክት አይስተውም። ሚስቴ አጥሩ ጋ መጥታ በቆሎውን አየችው፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ፤ ወደ ቤት ገባች። እስከ ዛሬም ምንም አላለችኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ተሰብስቦ ጓሮውን ሊያይ መጣ። ባለሙያውም ነበረ። ቅጠሉን እያገላበጠ አየና ምን ይመስልዎታል ብሎ እኔን ጠየቀኝ። የሰጠኋትን የትንኝ መድኃኒት አብዝታው ነው አልሁ። ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል? በቆሎውን ልብ ሳይል አመነኝ፤ ሰውም እሱን ተከተለ። የሺ ያን ስትሰማ ከቆመችበት መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

«ጥቂት ብለውኝ ነበር፣ አያ። እኔ ነኝ አንዱም ትንኝ እንዳይቀር ብዬ ሁሉንም የገለበጥሁት። ደግ በዋሉልኝ ስምዎን አስነሳሁ። ይቅር ይበሉኝ!»

እኔስ ምን አደረግሁ? አነሣኋት። «እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ እኔም ይቅር ብየሻለሁ» አልኋት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልሁት፣ ሰው እንዲሰማ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱማ ዕድሜህ ይርዘም ብለው መረቁኝ። ረዘመም።

ኃጢአቴ ፕላስቲኩ ላይ ያበቃ መስሏችሁ ነበር? የዚያን ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። እሑድ ግን ደሜ አልፈላም፤ ልቤ ቀዝቅዞ ነበር። የበደልኋትን ሴት እኔ ይቅር አልኋት። ጓሮዋን ገድዬ፣ እግሬ ሥር አንበርክኬ፣ ይቅር አልኋት! እሷም አመሰገነችኝ።

ኩሬዋ ተደፈነ። በመስከረም ወሎ አልሄደችም። ጥቅምት ላይ ቦታውን ለቀበሌው መልሳ ወደ አብደራፊ ወረደች፣ እንደገና ሳሉግ ልትሆን። እንግዶቹ ወደ እኔ ግቢ ተመለሱ። ሸሚዜን ለብሼ አስረዳኋቸው። ኩሬ በኩይሳ አፈርና በጭድ ቢመረግ ውሃ ይይዛል አልኋቸው። ጻፉት። ከማን እንደ ተማርሁት የጠየቀኝ የለም።

ባለፈው ኅዳር የትራክተር ዕቃ ፍለጋ አብደራፊ ሄጄ ሰሊጥ መጋዘኑ በር ላይ አገኘኋት። ጆንያ ስትሰፋ ነበር። ጸጉሯ ሸብቷል። ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ሚስቴን ጠየቀችኝ፤ በሬዎቹን ሳይቀር ጠየቀችኝ። ስለ ልጇ ጠየቅኋት።

«አድጋለች፣ አያ። በስልክ ድምፄን ታውቀዋለች፤ መልኬን አታውቀውም» አለችኝ። ከዚያ ሳቅ ብላ በእጇ ወደ መጋዘኑ ጀርባ አመለከተችኝ። «እዚያ ጋ ውሃ ያለው ቦታ አለ። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ጎመን ቢጤ ትከይበት ብለውኝ የመጋዘኑ ሰዎች፣ እምቢ አልሁ። የእኔ እጅ እኮ መርዝ ነው! የነካሁት ሁሉ ይደርቃል።»

አጠገባችን ሰው አልነበረም። ባለሙያ የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ የማፍረው ሰው የለም። አፌን ከፈትሁ። «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» አልኋትና የትራክተሩን ዕቃ ፍለጋ ሄድሁ።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ፈርቼ ነው፣ አርጅቼ ነው፣ ዘመኑ ረዘመ አልላችሁም። የስልክ ቁጥሯን ሰጥታኛለች፤ የእኔም ስልክ ይሠራል። ይህን ለእናንተ ስጽፍ ስንት ቀን ተቀመጥሁ፤ ለሷ የሚበቃት «እኔ ነኝ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። አልደወልሁም። የሺም ይህን በምታነቡበት ሰዓት የገዛ እጇን እንደ ፈራች ናት።