ተጠቅልሎ የመጣ ጋቢ

1986 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለችኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እሷ ሞታ ከተቀበረች በኋላ፣ እኔ ሳልሰማ፣ አንድ ከሰዓትና አንድ ሌሊት የፈረንጅ ድንኳን ውስጥ ተንጋልዬ፣ ዶሮ በልቼ አድሬአለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። መጨረሻውን ያስቀደምኩት ሰው ማንጠልጠል ስለማልወድ ነው።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ሐሙስ ነው። የእድራችን ዳኛና ሁለት ሰዎች ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩ። ጎረቤቴ ሳሙኤል ሾፌር ነው፤ ጅጅጋ ጭነት አድርሶ ማምሻውን ይገባል። አባቱ ደሴ ላይ ዐርፈዋል። ዘመዶቹ ለልጁ ሳይደውሉ ለእድሩ ደወሉ። ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመንም መርዶ እንደ ድሮው ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ።

«ጋሼ ግርማ፣ እርስዎ ግድግዳ ተጋሪው ነዎት» አለ ዳኛው። «እስኪነጋ ምንም እንዳይሰማ። ፊትዎ ላይ ምንም እንዳያይ።»

«ፊቴማ ዘወትር እንደተቆጣ ነው። ምን ያይበታል?»

ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እሺም እምቢም ሳልል ሸኘኋቸውና ተመልሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሥራዬ ሸራ መስፋት ነበር። ላንቻ አጠገብ የጭነት መኪና ሸራ እሰፋለሁ። በሰፈር ደግሞ የእድሩን ድንኳን የምተክለው እኔ ነኝ። ኪርቆስ ውስጥ ሰው ሲሞት ከጩኸቱ ቀጥሎ የሚሰማው የግርማ መዶሻ ነው ይባል ነበር። ካስማው እንዴት እንደሚያዘነብል፣ ገመዱ ምን ያህል እንደሚወጠር፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ፊደል ሲቆጠር ግን ሰነፍ ነበርኩ፤ በመሠረተ ትምህርት የያዝኳት ናት ይህችን የምታጽፈኝ። ድንኳን ለእኔ ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ። ሰው ለመዝናናት ብሎ ድንኳን ውስጥ ይተኛል ብትሉኝ እስቅባችሁ ነበር።

ታዲያ ካዛንቺስ ቢሮ ያለው አንድ አስጎብኚ ድርጅት አስጠራኝ። ከመተሐራ ወዲያ፣ አራዊት በሚጠበቁበት ጫካ ውስጥ፣ ለቱሪስት የተተከለ የድንኳን ካምፕ አለው። ስምንቱንም ድንኳን ፀሐይና ነፋስ ቀዳዶታል። «እዚያው ተቀምጠህ ጠግን» አሉኝ፤ የስድስት ሳምንት ሥራ። ተስማማሁ። እውነት ለመናገር ሥራው ብቻ አይደለም፤ አንበሳ ማየትም አምሮኝ ነበር።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት ከእናቴ ጋር በጋቢ ተጣላን።

«ጋቢውን ያዝ» አለችኝ።

«ቆላ ነው እማዬ። ጋቢ ምን ያደርጋል?»

«ቆላም ሌሊት አለው።»

«አልይዝም አልኩ፣ አልይዝም።»

«ድርቅ ያልክ! ቁርጥ አባትህን።»

ታስል ነበር። ከገና ወዲህ ያዛት ሳል ነው፤ እኔ ጉንፋን ነው ብዬ ነበር። ጋቢውን እንደ ልማዷ በአራት አጥፋ አልጋዬ ላይ አኖረችው። ጫፉ ተተልትሎ የኔኑ የሸራ ክር ወስዳ የጠቀመችው ጋቢ ነው፤ ሰማያዊ ክር፣ ነጭ ጋቢ ላይ። አላየሁም ብዬ ወጣሁ። ሳልስማት ወጣሁ። ስመለስ እንታረቃለን ብዬ።

መንገዱን እወደዋለሁ፤ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ናዝሬትን አልፈን ወለንጪቲን ስንለቅ አየሩ ይግላል። መተሐራ ስንደርስ መሬቱ እንደ ከሰል የጠቆረ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሣሩ ቢጫ ነው፤ ግራሩ አናቱ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ሳላ የሚባለውን አውሬ ያየሁት ያኔ ነው፤ ቀንዱ እንደ ሁለት ጦር ቀጥ ብሎ የቆመ። ከርከሮውም ሲሮጥ ጭራውን እንደ ሬዲዮ አንቴና ያቆማል። አንበሳውን ግን ስድስት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ በድምፁ እንጂ በመልኩ አላውቀውም ነበር።

እኛ ሠራተኞቹ ስድስት ነን። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ሸራ ሥር ተጠጋግተን እንተኛለን። ወጥ ሠሪው ባዩ የቄራ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

«አንተ ኪርቆስ! እናንተ ሥጋን የምታውቁት ከእኛ ሰፈር በሚመጣው ሽታ ነው።»

«እናንተ ደግሞ ከበሬው ጋር ሰልፍ ይዛችሁ ነው ያደጋችሁት።»

እንዲህ ነው ውሎአችን። ሌሊቱ ግን እናቴ እንዳለችው ነበር። ጎህ ሲቃረብ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። የሸራ ቁራጭ እከናነባለሁ፤ ሸራ ደግሞ ይንኮሻኮሻል እንጂ አያሞቅም። ለማንም አልተነፈስኩም። ጋቢ እምቢ ብዬ መምጣቴን ባዩ ቢሰማ አያስቀምጠኝም።

ማክሰኞ ነበር። እንግዶቹ በዋዜማው ሄደዋል፤ ድንኳኖቹ ባዶ ናቸው። ከካዛንቺስ በየሳምንቱ የምትመጣው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቧራዋን እየጎተተች ገባች። የመገናኛ ሬዲዮው ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ወሬም ዕቃም የሚመጣው በእሷ ነው። ሾፌሩ ወርዶ የካምፑን ኃላፊ አቶ መኰንንን ወደ ጎን ወሰደው። ቆመው ተነጋገሩ። መኰንን ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ መርፌዬን ይዤ አያለሁ፤ የመኪና ነገር ነው አልኩ።

ከዚያ ሾፌሩ ወደ እኔ መጣና ከክንዱ ሥር አንድ ነገር አቀበለኝ። በገመድ የታሰረ ጋቢ ነው። ሰማያዊውን ክር ሳይ አወቅሁት።

«ከቤት ነው» አለኝ። ፊቴን አላየም።

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ተሸነፈች አልኩ። ታርቃኛለች፤ እንዲያውም «ይበርድሃል ብዬህ አልነበር» ማለቷ ነው። ለብቻዬ ሳቅኩ። እናቴ ጋቢ የምታጥፈው በአራት ነበር፤ ይሄ ግን ተጠቅልሎ ነው የመጣው፣ ሌላ እጅ እንደነካው ያስታውቃል። አየሁት፤ ግን አለፍኩት። ሰው ደስ ሲለው ዓይኑ የሚያየውን ልቡ አይቀበልም።

መኰንን መጣ። «ግርማ፣ ነገ በዚህችው መኪና ትሄዳለህ።»

«ሁለት ድንኳን ቀርቶኛል እኮ።»

«ግድ የለም፣ ይቆየን።»

«ጋቢ ተላከልኝ እኮ አቶ መኰንን! እናቴ ጋቢ የላከችልኝ ቆይ ስትለኝ ነው። ጨርሼ ነው የምሄደው።»

መሬት መሬት አየና «በል ዛሬ ሦስተኛው ድንኳን ውስጥ እደር። እዚያ አልጋ አለ» ብሎኝ ሄደ።

ሦስተኛው የእንግዶች ድንኳን ነው። ነጭ አንሶላ፣ መረብ ያለው መስኮት፣ በዚፕ የሚዘጋ በር። ቀና ስል የጣራው ስፌት የኔ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የሰፋሁት። ምን አጠፋሁ? አልኩ። ሊያባርሩኝ ነው? ወይስ ለአንበሳ እያደለቡኝ ነው? አሁን ሳስበው ይገባኛል። ስድስታችን አንድ ላይ ብናድር ከአንዳቸው አፍ ያመልጥ ነበር። የአገሩ ወግ ደግሞ ሰውን በመሸ አያረዳም። ነጥለው ያስቀመጡኝ ለዚያ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው እራቱን ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከግራሩ ሥር የእንግዶቹን ጠረጴዛ ዘረጉ። ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሐን። ባዩ መረቅ አመጣ፣ ዳቦ አመጣ፣ የተጠበሰ ዶሮ አመጣ።

«ምንድነው ነገሩ? አብረን እንብላ እንጂ!» አልኩት።

«ብላ ግርማዬ፤ እኔ በልቻለሁ።»

ግርማዬ! አምስት ሳምንት ሙሉ ኪርቆስ ሲለኝ የከረመ ሰው።

«አንተ ቄራ፣ ታመሃል እንዴ?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ወደ ወጥ ቤቱ ሳይ አምስቱም ቆመዋል፤ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዙረዋል። ማንም አይስቅም። ያ ሁሉ ሜዳ ለብቻዬ ተሰጥቶኝ ዶሮዬን በላሁ። ሳላዎቹ ከሩቅ ውኃ ሊጠጡ በሰልፍ ወረዱ፤ እነሱ እንኳን አብረው ነበር። ከሰው መካከል ሆኖ ብቻ መሆንን ያየሁት ያን ቀን ነው። ቅያሜ ያዘኝ። ልሂድና ልጠይቃቸው? አልኩ። አልሄድም! እነሱ ይምጡ። ግትርነቴ ይኸው ነው።

ጋቢውን ተከናንቤ ተኛሁ። የቤታችን ሽታ ነበረው፣ የላምባና የሳሙና። ስድስት ሳምንት ሊሞላኝ ሲል ያን ሌሊት ብቻ ነው ሳይበርደኝ ያደርኩት። አንበሳው ሲያገሳ እንኳን «ለእማዬ ምን ብዬ ነው የማወራላት?» እያልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ሊነጋጋ ሲል ከውጭ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ዚፑን ከፈትኩ። ሰባት ሰዎች፣ መኰንንና ሾፌሩ ጭምር፣ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ተሰልፈው ቆመዋል። እኔ የእድር ሰው ነኝ። በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ተሰልፎ፣ እጁን አጣምሮ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስንቱ በር ላይ እኔው ራሴ ቆሜያለሁ።

«ይዘንህ ገብተን ከዘመዶችህ ጋር ልንነግርህ ነበር፤ እምቢ አልክ» አለ መኰንን። «በርታ ግርማ። እናትህ ዐርፈዋል።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ ማታ። እሁድ ተቀበሩ።»

«እና ትናንት ዶሮ አበላችሁኝ?»

ባዩ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። እኔ ላይ ሊወድቅ ሲመጣ ገፋሁት። መንገድ ላይ፣ ናዝሬት ስንደርስ ሾፌሩ የገዛልኝን ሻይ እንኳን አልነካሁም።

ቤት ስደርስ ሠልስቱ ወጥቷል። ድንኳኑ ፈርሷል። በራችን ላይ የቀረው የካስማው ጉድጓድ ብቻ ነው። ቆሜ አየሁት። አጣመው ነው የተከሉት፤ ከጉድጓዱ ያስታውቃል። ለሰፈሩ ሁሉ ድንኳን ስተክል ኖሬ ለእናቴ ሌላ ሰው ተክሎ፣ ያውም አጣሞ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

ካምፑ ተመልሼ አልሄድኩም። ባዩንም አላናገርኩትም። ከዓመታት በኋላ ስታዲየም አጠገብ ከሩቅ አይቶ «ኪርቆስ!» ብሎ ጠራኝ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ መንገድ ተሻገርኩ። ኋላ፣ እሱም ካለፈ በኋላ፣ ያ የካምፑ መኪና ሾፌር ነገረኝ። ባዩ ያን ሌሊት እስከ ድንኳኔ በር አምስት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል። ከገባሁ አለቅሳለሁ ብሎ ፈርቶ።

ደብቀውኛል ብዬ ስንት ዘመን ተቀየምኩ። ሐሙስ ዕለት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን፣ መደበቃቸው አይደለም ያሳዘነኝ። ያችን ሌሊት እናት እንዳለው ሰው ነው ያደርኩት፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሞቆኝ አያውቅም። የከፋኝ ያ ጠረጴዛ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሐን። ባዩ ገብቶ፣ ምንም ሳይነግረኝ፣ ዝም ብሎ አጠገቤ ቢቀመጥ ኖሮ እስኪሞት ድረስ ወዳጄ ሆኖ ይኖር ነበር። ወይም እኔ ተነስቼ ብሄድ። ለመሄድ እግር ነበረኝ እኮ።

ማታ የሳሙኤል መኪና ድምፅ ሲሰማኝ ተነሳሁ። ያን ጋቢ በአራት አጥፌ ይዤ በሩን መታሁ።

«ጋሼ! ምነው በሰላም?»

«ዛሬ አንተ ዘንድ ልደር።»

«ጣራው አፈሰሰ እንዴ?»

«በበጋ?»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም። ሰው አማረኝ።»

ሳቀብኝ። ዳቦና ሻይ አቀረበ፤ ከአንድ ሰሐን በላን። በድምፁ ብቻ ስለማውቀው አንበሳ አወራሁለት። «ቀደዱ እንግዲህ ጋሼ!» እያለ ሳቀና፣ ድካም ነው፣ ወሬዬ መሃል እንቅልፍ ጣለው። ጋቢውን ደረብኩለትና ወንበሬን አልጋው አጠገብ አስጠጋሁ።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እሱ አልነቃም። ተነስቼ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።