ላሙን ስለቷን የጨፈረችበት ቀን

በታይላንዷ ከተማ በፔቻቡሪ ውስጥ ላሙንን የማያውቅ የለም፤ መልኳን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የከተማው ተማሪ ግማሹ እሷ የሰፋችለትን ሸሚዝ ይለብሳል። እሷ ራሷ ግን ሠርግ ሲኖር ከማድ ቤት አትወጣም፤ ፎቶ ይነሳ ሲባል ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ቀን እንኳ።

ይህቺው ሴት ናት እንግዲህ፣ ልጇ ኪቲ ለውትድርና እጣ ሲጠራ፣ ከገበያው ጀርባ ካለችው ከእማማ ቱፕ አድባር ፊት ተንበርክካ የተሳለችው። በእጣው ቀይ ካርድ የወጣለት ወታደር ይሆናል፤ ጥቁር የወጣለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኪቲ ጥቁር አወጣ። ላሙን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አበላች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ብላ፣ ስለቷን ሳታስገባ ስፌቷ ላይ አቀረቀረች።

እማማ ቱፕ ግን ዝም ብላ የምትተው አድባር አይደለችም። መጀመሪያ የላሙን የስፌት መኪና መርፌ ተሰበረ። ቀየረችው፤ ደግሞ ተሰበረ። ቀጥሎ የአንድ ትምህርት ቤት ሸሚዞችን እጅጌ በሙሉ ገልብጣ ሰፍታ አገኘችው። እያለቀሰች ወደ እኔ የሽንኩርት መደብ መጣች። ጸጉር ቤት ያላት ጓደኛችን ቡንራውድም እዚያው ነበረች።

«ስለትሽ ነው» አለች ቡንራውድ ወዲያው። «እማማ ቱፕ ተቀይማለች።»

«ጨፋሪዎች ቀጥሬ አስጨፍርላታለሁ እኮ!»

«ቆይ፣ ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው? አስጨፍርልሻለሁ ነው ያልሽው ወይስ እጨፍርልሻለሁ?»

ላሙን ሽንኩርቴን መላጥ ጀመረች። እየላጠች በቀጭን ድምፅ፣ «እጨፍርልሻለሁ» አለች።

ቡንራውድ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሽንኩርቱ ላይ ነው የወደቀችው።

በማግስቱ ሦስታችንም ሥራ ዘግተን በማለዳ ተነሳን። ለመሥዋዕት የጃስሚን ጉንጉን፣ የተቀቀለ እንቁላልና እማማ ቱፕ የምትወደውን ቀይ ለስላሳ መግዛት ነበረብን። ያላወቅነው ነገር ላሙን ስትፈራ እንደሚርባት ነው። ጉንጉን ሻጯ ጋ ሳንደርስ ከሰል ላይ የሚንጫጫ የአሳማ ጥብስ አየች።

«አንድ ስንጥር ብቻ። በባዶ ሆድ አይጨፈርም።»

ከጥብሱ ቀጥሎ የዓሣ ቂጣ ተጠብሶ ወጣ። ከሱ ቀጥሎ ከዘንባባ ፍሬ የሚሠራው ቢጫ ኬክ፣ በቅጠል ኮሮጆው እንደ ተቀመጠ፣ ትኩስ። በበረዶ ውሃ የተነከረ ሩዝ የምትሸጠው ሴትዮ ስሟን ጠርታ ስታስቆማት ላሙን እምቢ ማለት ነውር ነው አለች። እኛስ ብንሆን ጓደኛችንን ብቻዋን ልናስበላት ነው? አብረን በላን። ቡንራውድ ኑድል ላይ በርበሬ አብዝታ ዓይኗ እንባ ሲሞላ ላሙን፣ «አይዞሽ፣ የምጨፍረው እኔ ነኝ» አለቻት። ሳቃችንን መያዝ አቅቶን መንገድ ላይ ተደጋግፈን ቆምን፤ አንድ ባለ ሞተር ጥሩምባውን እየነፋ ዞሮን አለፈ።

በመጨረሻ መሥዋዕቱን ገዝተን አድባሯ ጋ ስንደርስ፣ ከበሮ መቺውና እዚያ ለስለት የሚጨፍረው ቡድን አለቃ ጋሽ ፕሩንግ የጭፈራ ልብስ አውጥቶ ይጠብቀን ነበር። በዶቃ ያሸበረቀ ከፋይ ቀሚስና ሾጣጣ ወርቃማ ዘውድ። መጋረጃ ጀርባ ገብተን ላሙንን ማልበስ ጀመርን። ልብሱ እስከ ወገቧ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልዘጋ አለ።

«ትንፋሽሽን ሳቢ!»

«ስቤው ነው እኮ!»

«ኑድሉንም ሳቢው!» አለች ቡንራውድ፣ ጉልበቷን የላሙን ጀርባ ላይ ተክላ ገመዱን እየጎተተች።

ጋሽ ፕሩንግ ከመጋረጃው ማዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቶቼ፣ አትጨነቁ። ከኋላ በመቀነት እሰሯት። እማማ ቱፕ የምታያት ከፊት ነው።»

በመቀነት አሰርናት። ስንወጣ አንድ ጦጣ መሥዋዕቱ ላይ ተቀምጦ እንቁላል ይልጥ ነበር። ላሙን ጮኸች። ቡንራውድ ግን፣ «ተይው! እማማ ልካው ይሆናል» አለቻት። ጦጣው ሁለተኛውንም ይዞ ጣራው ላይ ወጣ።

ከበሮው ተመታ። ላሙን አልተነቃነቀችም። አድባሯ ፊት ልክ እንደ ተተከለ ግንድ ቆማ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ «አትተዉኝ፣ አትተዉኝ፣ አትተዉኝ» ትላለች። ቡንራውድ አየችኝ፤ አየኋት። የተረፉትን ሁለት ዘውዶች ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን፣ እኔ የገበያ ሽርጤን እንዳደረግሁ፣ ግራና ቀኟ ቆምን። እጃችንን ወደ ላይ፣ ጣታችንን ወደ ኋላ ቀልበስ። እኔ ወደ ግራ ስሄድ ቡንራውድ ወደ ቀኝ መጣች፤ ዘውዶቻችን ተጋጩና ቀጭ አሉ።

ላሙን ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። ስትስቅ ትከሻዋ ተፈታ፤ እጇም ተከተለ። እናንተ! ያ እጅ ከየት እንደ መጣ እንጃ። ጣቶቿ እንደ ቅጠል ተገለበጡ፣ እግሯ መሬቱን ሳይነካ የሚሄድ መሰለ። ጋሽ ፕሩንግ ቀና ብሎ አያት፤ ከበሮውን አፈጠነው። ዓሣ ሻጮቹ መጡ፣ ባለ ኑድሏ ምድጃዋን ትታ መጣች፣ ከአውቶቡስ የወረዱ ሰዎች ሻንጣቸውን እንደ ያዙ ቆሙ።

በዚህ መሐል መቀነቱ ተፈታ። እማማ ቱፕ የምታየው ከፊት ነው፤ ገበያው በሙሉ ግን የቆመው ከኋላ ነው። ቀሚሱ ከጀርባዋ እንደ በር ተከፈተና አበባ አበባ ያለበት የውስጥ ልብሷ ወጣ።

«ላሙን!» አልኩ በሹክሹክታ። «ጀርባሽ!»

«አውቄያለሁ!»

«እናቁም?»

«ስለት አይቆምም!»

ቡንራውድ ዞራ ከኋላዋ ሆነች፤ ላሙን ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ፣ ክንዶቿን ዘርግታ እንደ መጋረጃ ጨፈረች። ሕዝቡ በጭብጨባ አገሩን ቀወጠው። ከበሮው እስኪያበቃ አላቆምንም። ሲያበቃ ላሙን ተንበርክካ ሦስት ጊዜ በግንባሯ ሰገደች፤ ስትነሳ ፊቷ በላብና በሳቅ ርሷል።

ስልኳ ጮኸ። ኪቲ ነበር፣ ከሥራ ቦታው።

«እማዬ! ፌስቡክ ላይ ነሽ! ያ ቀሚስ ምን ሆኖ ነው?»

«ጠቦኝ ነው። ሥራህን ሥራ» አለችና ዘጋችበት።

ልብሱን ስንመልስ ጋሽ ፕሩንግ ከበሮውን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ ላሙንን ሳያያት፣ «ከጨፋሪዎቼ አንዷ ልትወልድ ነው። ሐሙስ ደግሞ ስለት የሚያስገባ ሰው አለኝ» አለ።

«እኔ? ኧረ አያሳየኝ!» አለች። ዘወር ብላ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ግን ተመለሰች። «ሰፋ ያለ ልብስ ይኖርዎታል?»

«ልብስ ሰፊዋ አንቺ!»

ሐሙስ ዕለት ጨፈረች። ከዚያ ወዲህ የዝናቡ ወቅት ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ሴትየዋ ወልዳ ወደ ጭፈራዋ ተመልሳለች፤ ላሙን ግን ከቡድኑ አልወጣችም። ጠዋት ሸሚዝ ትሰፋለች፣ ከሰዓት ስለት ካለ ትጨፍራለች፤ ፎቶ የሚያነሳት ሰው ሲመጣ አገጯን ቀና ታደርጋለች። እኔና ቡንራውድ አንጨፍርም፤ ዘውዱ አንገታችንን አመመን። ግን አንቀርም፤ ዓሣ ቂጣችንን ይዘን ከፊት እንቀመጣለን፣ ጣቶቿ ሲገለበጡም «የኛ ናት!» እያልን አጠገባችን የቆመውን ሰው ሁሉ እናስቸግራለን።