ኬላው ከተነሳ ወዲያ

ባለቤቴ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ይጠግናል፤ እኔ ውጫሌ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ጠዋት በሚኒባስ ይሄድና ለራት ይደርስ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ ላይ ኬላ በዛ። ገመድ በተወጠረበት ሁሉ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ መታወቂያ ይታያል፣ የመፍቻ ሳጥኑ ሳይቀር ይገለበጣል። ሲመሽ ጭራሽ ስለማይታለፍ እዚያው ሐይቅ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ለገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ።

እኔ ግን ሥራ በዛልኝ። ደሴ ሄዶ የሚገዛ ስለሌለ የሠርጉም የዒዱም ልብስ እኔ ዘንድ መጣ። አብረውኝ የሚኖሩት አማቴ ቁልፍ ይተክሉልኛል። ከሰላት በኋላ መንገዱ እንዲከፈትና ልጃቸው እንዲመለስ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔም አሚን እላለሁ።

ኬላው ሲነሳ ባለቤቴ ፍራሹን ጭኖ መጣ። አማቴ ዶሮ አሳረዱ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ደሴ እየወረዱ የተሰፋ ልብስ ይዘው ይመለሱ ጀመር። ከጎኔ ሱቅ የነበረችው ጎረቤቴ ዘግታ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባች። እኔም ቁጭ ብዬ መንገድ ማየት ሆነ ሥራዬ።

ባለቤቴ ሐይቅ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው እንደሚፈለግ ነገረኝ። ማሽኔን ወሰድኩና አብረን መመላለስ ያዝን። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ቤት ስንደርስ መሽቶ ራት የምንበላበት ጉልበት የለንም። በመጨረሻ ወደዚያችው የኪራይ ክፍል ገባን።

አማቴን አብረውን እንዲመጡ ለመንናቸው። እሳቸው ግን እንቢ አሉ፤ ላማቸውን ለማን ይተዋሉ? የምንሄድ ዕለት ሻንጣዬን በር ድረስ ይዘውልኝ ወጡ።

«መንገድ ሲከፈት ሰው የሚመጣ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ለካ የሚወስድም ኖሯል።»

«በየሳምንቱ እንመጣለን እማማ» አልኳቸው።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ። ሥራ ካለበት መኖር ነው።»

በየሳምንቱ አልሆነልንም። ዩኒፎርሙ በዝቶ ወገቤ እስኪቆረጥ እሰፋለሁ፤ ባለቤቴም በረፍት ቀኑ ተኝቶ ይውላል። ማታ ስደውልላቸው ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው እላለሁ። ድካሜን ከድምፄ ያውቁት ይመስለኛል፤ ብዙ ሳያወሩ «በይ ተኚ» ብለው ይዘጉታል።