ሳጥኑ ውስጥ የጨመርኩት ጠበል

ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ በፊት በአንድ የሕክምና ምርምር ቤት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። አለቃዬ ሱዳናዊት ሐኪም ናት፤ ዶክቶራ እላታለሁ። ታናሽ እህቴን ጉንፋን መስሎን የናቅነው ትኩሳት ልቧን ባደከመው ጊዜ ያከመቻት እሷ ነበረች። ሥራውንም የሰጠችኝ እሷው። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት።

የምትመረምረውም ያንኑ ነበር፤ ቫይረስ ልብን እንዴት እንደሚጎዳ። ከሰው ደም ሕዋስ ወስዳ ስቴም ሴል ወደሚሉት፣ ገና ምን እንደሚሆን ወዳልለየለት ሕዋስ ትመልሰዋለች፤ ከዚያ የልብ ሕዋስ እንዲሆን ታሳድገዋለች። አንድ ቀን "ነዪ እዪ" ብላ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ሕዋሶቹን ከያዘው ትንሽ ሳህን ግርጌ የተጣበቀ ስስ ነገር ብቻውን ይመታል። ትር፣ ትር። አማተብኩ።

"አትፍሪ ያ ኡኽቲ፣ እህቴዋ፣ ሰው አይደለም" አለችኝ እየሳቀች።

"ሰው አለመሆኑንማ አያለሁ። የፈጠረውን ነው የማመሰግነው።"

ሕዋሶቹ የሚያድጉበት የሙቀት ሳጥን ከሥሩ የውሃ ትሪ አለው። በየሳምንቱ ትሪውን አጥቤ በእንፋሎት ፈልቶ ጀርሙ የሞተ ውሃ የምሞላው እኔ ነኝ። ሌላ ውሃ ጠብ እንዳይልበት ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃኛለች።

ለሕዋሶቹ ቫይረሱን ልትሰጣቸው አንድ ሳምንት ሲቀር ግን ጠበል ጨመርኩበት። ለእህቴ ከሀገር ቤት የመጣልን ነው። ሳህኖቹን አልነካሁ፤ ከታች ካለው ውሃ ጋር ቢቀላቀል ምን ይላል? እንዲያውም ሥራው ይባረካል፣ እንደ እህቴ ላሉት መድኃኒት ይገኛል አልኩ።

በአራተኛው ቀን ትሪው ሻጋታ አበቀለ፤ ሳህኖቹም ደፈረሱ። ዶክቶራ የወራት ድካሟን አውጥታ ጣለች። "እጄ ነው" ትላለች ለራሷ፣ "ሳጥኑን ቸኩዬ ከፍቼዋለሁ።" እኔ ጥግ ቆሜ ብርጭቆ አጥባለሁ።

ማታ ጀብራ ሰፈር ያለው ቤታችን ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት።

"እትዬ፣ ጠበል ሻገተ ልትያት ነው? ሃይማኖታችንን ልታሰድቢ?"

"ጠበሉ ምን አደረገ? ቦታውን የሳትኩት እኔ።"

"ታባርርሻለች እኮ!"

"ታባርረኝ። ባላጠፋችው ጥፋት እጇን ስትረግም እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?"

በማግስቱ ገና ነጭ ጋዋኗን ሳትለብስ ሁሉንም ነገርኳት። ዶክቶራ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ስንት ጠብታ?"

"ሦስት። በሥላሴ ስም።"

"ሦስት!" አለች። ጮኸችብኝ ስል ፊቷን በክንዷ ሸፍና ሳቀች። "እናቴ የመካ ዘምዘም ውሃ ሰጥታኝ ሳጥኑን እርጪው እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማለች። ለካ ካንቺ ጋር መክራለች!" ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ወላሂ ተናድጃለሁ። በጣም። ግን እጄን መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ገላግለሽኛል። ጠበሉን እኔን እርጪኝ፣ በሩን እርጪ። ሳጥኑን ተዪልኝ።"

ደግነቱ አቀዝቅዛ ያስቀመጠችው የሕዋስ ዘር ነበራት። ቀኑን ሙሉ ሳጥኑን ብሎን በብሎን ፈትተን በአልኮል ወለወልን። ውሃውን ለሌላ ሰው ትሰጣለች ብዬ ስጠብቅ ትሪውን ወደ እኔ ገፋችው።

"ያላ፣ ሙዪው።"

"እኔ?"

"ከዛሬ በኋላ ካንቺ የበለጠ የሚጠነቀቅ ከየት አመጣለሁ?"

ሳምንታት ቆይተው አዲሶቹም መምታት ጀመሩ፤ ቫይረሱንም ሰጠቻቸው። ከቀናት በኋላ በማይክሮስኮፑ እንዳይ ጠራችኝ። ምቱ ሳስቷል። አንድ ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይሞክራል፤ እህቴ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ እንደምትተነፍሰው። እህቴ ውስጥ ሆኖ ያላየሁትን እዚህ አየሁት።

"አሁን ምን እንደሚያደክመው መፈለግ እንችላለን" አለችኝ።

ተመስገን አልኩ፣ በለሆሳስ፣ ምንም እንዳልነካ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ።